ለቱቦ ተልባ ያጠጣሁ ሰሞን

የወጥ ቤት ላቫንዲኖ ሊዘጋ ሲል ያስጠነቅቃል። ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? «ግሉግ» ይላል። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነው። ቀጥሎ በቀን አንዴ። እያደር ሰው በተናገረ ቁጥር ከጓዳ «ግሉግ» እያለ ጨዋታ ውስጥ መግባት ይጀምራል። የእኛ ቤቱ ሦስት ወር ሙሉ ሲያጉረመርም ከርሞ አንድ ሐሙስ ጠዋት ዝም አለ። እኔ ሞኙ፣ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ባለቤቴ አስካለ የሽሮ ድስት አጥባ ስትደፋበት ነው ነገሩ የገባኝ። ውሃው አልወረደም። ቆመ። የሽንኩርት ልጣጭ አንሳፎ፣ ቅባት ተላብሶ፣ ዓይን ዓይናችንን እያየ ቆመ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሠራተኛ ትጠራላችሁ። ሰው እንደሆነ አይጠፋም፤ ሀና ማርያም ሰፈር የቧንቧ ሠራተኛ ከመብራት ምሰሶ ይበዛል። ምሰሶው ራሱ የቆመው በእነሱ ማስታወቂያ ተደግፎ ነው። እኔ ግን አልጠራሁም። መጥራት አልችልም ነበር። ለምን ብትሉ ምክንያቱ ልጄ ናት።

ልጄ ራሔል ፋርማሲስት ናት። ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ሐኪም ራሱ መልሶ የማያነበውን ጽሕፈት አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጋ የምታነብ ልጅ ናት። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ የእሷን ግማሽ አላነብም። ታዲያ ይቺን የመሰለች ልጅ ባሏን ከየት አገኘችው? ከቱቦ ውስጥ። ስታጋንን ነው አትበሉኝ። የመድኃኒት ቤቱ እጅ መታጠቢያ ተዘግቶ አንድ የፉሪ ልጅ ሊከፍት መጣ፤ ደረጀ ይባላል፤ ጭንቅላቱን ከመታጠቢያው ሥር ሲያወጣ ተያዩ፤ አለቀ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሳኒተሪ ነው» አለች።

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

«የተዘጋ ይከፍታል፣ አባባ።»

ብድግ ብዬ ጮህኩ። መካኒሳ አቦ ድረስ ተሰምቷል ይሉኛል፤ እኔ እንኳ ከዚያም ያለፈ ይመስለኛል። «ይሄ ሙያ ነው? የተዘጋ ቱቦ ማንም እጅጌውን ሰብስቦ የሚከፍተው ነው! ይሄ ሙያ ከተባለ የጫማ ክር ማሰርም ሙያ ነው!» አልኩ። ልጄ «እሺ አባባ» ብላ ወጣች። የእሷን «እሺ» አታውቁትም። እናቷም እንዲህ ነው የምትለው፤ «እሺ» ካለች በኋላ እኔ ያልኩት ነገር ሆኖ አያውቅም።

በሳምንቱ መልእክት መጣ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይመጣል ተባለ። ይምጣ! እኔም ተዘጋጅቻለሁ። የሽማግሌ ሥርዓት እንደሁ ታውቃላችሁ፤ ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ጉዳያቸው እስኪፈጸም አንቀመጥም ይላሉ፤ የልጅቱ አባት ደግሞ «ዘመድ እንመካከርና ተመለሱ» ይላል። ወጉ ይሄ ነው። የእኔ ዕቅድ እንግዲህ ማስመለስ ነበር። ለጥምቀት ተመለሱ፣ ከዚያ ለፋሲካ ተመለሱ፣ ከዚያ አጎቷ ታሟልና ሲድን ተመለሱ፤ እንዲህ እያልኩ ሰውየው እስኪያረጅ ላመላልሳቸው ቆርጬ ነበር። ለአስካለም ነገርኳት። «እሺ» አለች።

በዚህ መካከል ነው ላቫንዲኖው የተዘጋው። ራሔል የቆመውን ውሃ አይታ ስልኳን አወጣችና «ደረጀን ልጥራው? በአምስት ደቂቃ ይከፍተዋል» አለች። በትዳር ላይ ያለችውን ያህል በቱቦም ላይ ደፋር ናት። እጄን አነሳሁ። «ይሄ ቤት አባወራ አለው!» አልኩ። ያን ቃል ከአፌ ካወጣሁ በኋላ የት ልሂድ? ሌላ ሠራተኛ ብጠራ ሙያ ነው ማለቴ ነው። ቱቦውን በእጄ ከከፈትኩት ግን ነገሩ ያበቃለታል፤ እሑድ ሽማግሎቹ ፊት ደረቴን ነፍቼ «ይሄን የመሰለ ሥራ እኔም ቁርሴን ሳልበላ እሠራዋለሁ፤ ልጄን ለባለሙያ አስቀምጫታለሁ» እላለሁ። ቱቦውን ከከፈትኩ ልጄ ቤቷ ትቀራለች። ካልከፈትኩ ሄደች። እንዲህ ነበር ነገሩ።

ዓርብ በፈላ ውሃ ጀመርኩ። አስካለ ያላትን ድስት ሁሉ ጣድኩ። ያፈሰስኩት ውሃ የአቃቂን ወንዝ ይሞላ ነበር ብል ማን ይከራከረኛል? ወንዙን ሞላ አልሞላ፣ ላቫንዲኖውን ግን ሞላው። ቀጥሎ ስልክ ላይ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ አይደል፣ እጃቸው ንጹሕ፣ ወጥ ቤታቸው ነጭ፤ ቤኪንግ ፓውደርና አቼቶ ጨምሩበት ይላሉ። ጨመርኩበት። ፈላ፣ ፎከረ፣ አረፋው እስከ አፍንጫዬ መጣ። አስካለ በሩ ላይ ቆማ «ልደት ነው እንዴ? ኬክ ስትጋግር አይቼህ አላውቅም» አለች። አረፋው ሲበርድ ውሃው ባለበት ነው። እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ኮርቷል።

ከዚያ ከሥር ገባሁ። ከላቫንዲኖው ሥር ሲፎን የሚሉት ጥምዝ ቱቦ አለ፤ በእጅ ይፈታል። እኔም በእጄ ፈታሁት። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። ከላይ አንድ ላቫንዲኖ ሙሉ ውሃ አለ። ባልዲ ማስቀመጥ የሚባል ነገር አለ። ታዲያ ማን አስታወሰ? የሐሙሱም፣ የዓርቡም፣ የሽሮውም፣ የአቼቶውም ተሰብስቦ ደረቴ ላይ ወረደ። ለአፍታ ውሃው የወረደ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወርዷል፤ እኔ ውስጥ።

ሲፎኑ ግን ባዶ ነው። መዘጋቱ ከግድግዳው ወዲያ ነው ማለት ነው። ተናደድኩ። ደጅ ወጥቼ የልብስ ማስጫውን ሽቦ በጉጠት ቆረጥኩ። ልብስ ተሰጥቶበት ነበር፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ አስካለ ስለ እሱ እስካሁን ስታወራ ነው። ሽቦውን ሰደድኩት። ገባ። ገባ። መቼም የማያልቅ ሽቦ ነው የቆረጥኩት። ፉሪ ደርሶ የደረጀን እናት ቤት ሳያንኳኳ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንድ ነገር ያዘው። ብስበው እምቢ፤ ብገፋው እምቢ። በመጨረሻ ግማሹ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ፣ ግማሹ እዚያው ውስጥ ቀረ። ዓርብ እንዲህ አለቀ።

ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ማሰብ ነበር ችግሬ። እስቲ አስተውሉ፤ ቱቦ ምንድን ነው? አንጀት ነው። ከላይ ይገባል፣ ይጠማዘዛል፣ ከታች ይወጣል። አንጀት ሲደርቅ እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? በጉልበት ይከፍታሉ? በሽቦ ይወጋሉ? ተልባ ያጠጣሉ! ተፈጭቶ፣ በለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ፣ ለስለስ አድርጎ ያንሸራትተዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአንድ ኩባያ ተልባ ስንት ጎረምሳ ከሞት መልሳለች። ስልክ ላይ ያሉት ሰዎች ይሄን የት ያውቁታል!

አስካለ ለጨጓራዋ ያስፈጨችው ተልባ በጆንያ ሆኖ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እሷና ልጄ ለእሑዱ እንግዳ አስቤዛ ሊገዙ ገበያ እንደወጡ ሲፎኑን መልሼ አሰርኩና ሥራዬን ጀመርኩ። በባልዲ በጠበጥኩ። አጠጣሁት። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ያቺን ባለ እንጨት እጀታ ጎማ አምጥቼ እየገፋሁ፣ እንደ ሕፃን እያባበልኩ አስጨረስኩት። አንድ ባልዲ ሙሉ! ትንሽ ማርም ጨምሬበታለሁ። ለቱቦ ማር ምን ያደርጋል አትበሉኝ፤ እናቴ ትጨምር ነበር።

ተልባውን ውሃ ላስከትልበት ቧንቧውን ስከፍት ውሃ የለም። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል። ወዲህ አዞርኩት፣ ወዲያ አዞርኩት፤ በንዴት ጠምዝዤ ጥርሱን በላሁትና እንዲሁ በባዶው መሽከርከር ጀመረ። ክፍት ይሁን ዝግ አላወቅሁም። ተውኩት። ተልባው ሥራውን ይሥራ ብዬ ሄጄ ተኛሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲያድር ምን ይሆናል? እናንተ ታውቃላችሁ። እኔም አውቃለሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ስንት ጊዜ ጠጥቼዋለሁ! ያብጣል። ይወፍራል። እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል። ይሄን እያወቅሁ ለምን አላሰብኩትም? ንዴት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። መምሬ ኃይሉ የሚባሉ ጥምጥማቸው የነጣ ቄስ፤ ኦቦ ደገፋ፣ የልጁ አጎት፣ ፉሪ ላይ ከተማው ሳይደርስ ጀምሮ ያረሱ፣ አሁንም ጓሯቸው ላይ የሚያርሱ ሰው፤ ሦስተኛው ሙሉ ልብስ ለብሰው ራሳቸውን ብቻ የሚነቀንቁ። ሳሎን ገቡና ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አልኩ።

«ለመቀመጥ አልመጣንም፣ አቶ መንገሻ» አሉ መምሬ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

እኔም ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ንግግሬን ሦስት ቀን ነው ያጠናሁት። ስለ አጎቷ ሕመም ገና ከመጀመሬ ከጓዳ «ፊስስስ» የሚል ነገር ሰማሁ። ውሃ መጣ! ደስ አለኝ፤ የሰፈራችን ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ የትም ይሁን ደስ ይለዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ካልኩ በኋላ ነው የትኛው ቧንቧ እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ያ የሚሽከረከረው።

ንግግሬን አፈጠንኩት። ውሃውም አፈጠነ። ላቫንዲኖው ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲወርድ በጆሮዬ እሰማለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ መውረጃም በዚያው መስመር ነውና እሱም መልሶ ይተፋ ጀመር። አስካለ ከጓዳ «አንተ! ይሄ ነገር አልዘጋ አለኝ!» ብላ ጮኸች። ልጄ ወደ ቆጣሪው ሮጠች፤ የቆጣሪው መዝጊያ ግን ዝጎ ከተጣበቀ የእሷን ዕድሜ ይሆነዋል። ከዚያ ውሃው ራሱ በበሩ ሥር ወደ ሳሎን ገባ። ዝም ብሎ አይደለም የገባው፤ የሚዝለገለግ ነገር እየጎተተ፣ ሳይደቅ የቀረ የተልባ ፍሬ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው እየተራመደ ገባ።

«ኧረ ተቀመጡና እግራችሁን አንሡ!» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ መምሬ፣ ጫማቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ። «መልሳችንን እንጠብቃለን።»

«አባታችን፣ እርጥበት ይጎዳዎታል!»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው ልጄ።»

ሦስተኛው ሰውዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦቦ ደገፋ ግን ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩት። ሰማንያ ዓመት ጭቃ ያዩ ዓይኖች ናቸው። «ይሄ ከውስጥ ነው የተዘጋው» አሉ። «እኛ ጋ የሚከፍተው ልጅ አለ። እዚሁ በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል። ዕቃውም ከኋላ አለ።»

«ታዲያ ይጠራ!»

«እንዴት ብሎ? እሺ ሳይባል ሙሽራ የልጅቱን ግቢ ይረግጣል? ነውር አይደለም ወይ?»

«እንደ ሙሽራ አይሁን! እንዲያው እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ይግባ!»

ኦቦ ደገፋ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «እንደ ምን?» አሉ። «እኛ የሰማነው፣ አቶ መንገሻ ይሄ ሙያ አይደለም ብለዋል ተብሎ ነው። ማንም እጅጌውን ሰብስቦ የሚሠራው ነው ብለዋል አሉ። ጫማ ማሰር ነው ብለዋል አሉ። ታዲያ በምኑ ይግባ? ወይ በሙያው ይግባ፣ ወይ በአማችነቱ ይግባ። ሁለቱንም ከከለከሉት እኛ እዚህ እንቆማለን።»

እንግዲህ ፍረዱ! ይሄን ሁሉ ማን ነገራቸው? ራሔልን አየሁ፤ ጣሪያውን ታያለች። ውሃው ምንጣፉ ላይ ወጥቷል። መምሬ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው፣ መስቀላቸውን በሌላው ይዘዋል። ሙሉ ልብስ የለበሱት ሰውዬ በአንድ እግራቸው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ላስመልሳቸው? ቢሄዱ ልጁ አብሯቸው ሄደ፤ እኔ ከተልባዬ ጋር ቀረሁ። ለፋሲካ ተመለሱ ልላቸው ነው? እስከ ፋሲካ ቤቱ ራሱ ፉሪ ይደርሳል።

አስካለ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከጓዳ ብቅ አለች። «ሰውዬ፣ ስጣት!» አለች። «ምንጣፌ ሄደ!»

«ሰጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰጥቻለሁ፤ በሙያውም ይግባ፣ በአማችነቱም ይግባ፣ ብቻ ይግባ!»

ያለቀ መሰለኝ። የት ያልቃል! መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ምርቃት ጀመሩ። «አባታችን፣ ምርቃቱ ትንሽ ቢቆይ» አልኩ። «ምርቃት አይቆይም» ብለው እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ አድርጎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ መረቁ። እያንዳንዱን «አሜን» ስል ካልሲዬ ይጨመቃል። የመጨረሻውን «አሜን» ካልን በኋላ ነው ኦቦ ደገፋ ስልካቸውን ያወጡት።

ደረጀ የገባው ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል «ተወው፣ ቱቦውን ሳም!» አልኩት። ኮቱን አውልቆ ለራሔል ሰጣት። መኪናው ውስጥ ካለው ዕቃ አንድ መፍቻ አምጥቶ ያንን የዛገ የቆጣሪ መዝጊያ አንዴ ረገጠው፣ አንዴ አዞረው፤ ውሃው ቆመ። ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ወጥቶ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አስካለ ጤና አዳም የተከለችበት ጣሳ ነበር። ጣሳውን አነሳ፤ ከሥሩ የቱቦዎቹ መገናኛ ጉድጓድ፣ ፖዜቶው አለ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ስኖር መኖሩን አላውቅም።

ሽማግሎቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ካልሲያቸውን እየጨመቁ ያያሉ። ልጁ በደረቱ ተኝቶ እጁን ሰደደ። መጀመሪያ ሽቦዬን አወጣ። ከሽቦው ጋር ሌላ ነገር መጣ። ረጅም ነው፣ ቡናማ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቢስበው ቢስበው አላልቅ አለው። ሲያልቅ ከጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ተንደርድሮ ወረደ። ጓዳ ያለችው አስካለ እልል አለች። ለሠርጉ ይሁን ለቱቦው አልጠየቅኋትም።

ልጁ ጣቶቹን አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምንድን ነው የዘጋው?» አሉ ኦቦ ደገፋ ከበረንዳው።

አለቀልኝ አልኩ። ይሄ ነገር ፉሪ ሲደርስ፣ መካኒሳ ሲደርስ ታየኝ። በለቅሶ ቤት ሲነሳ ታየኝ።

«የዛፍ ሥር ነው» አለ ደረጀ ጮክ ብሎ። «አሮጌ ቱቦ ነው፣ ሥር ገብቶበታል። አባባ ጨርሰውት ነበር፤ ትንሽ ነው የቀራቸው።»

ሙሉ ልብስ የለበሱት ሰውዬ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔ የሆነ ነገር የማሳየው መስዬ አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። ልጁ ያንን ዝልግልግ ነገር በጎኑ ሸፍኖ ወደ ባልዲ እየጨመረ በሹክሹክታ «አባባ፣ መጀመሪያ የነበረው ትንሽ የወጥ ቅባት ነው። በአምስት ደቂቃ ይለቅ ነበር። ይሄንን... ሆድ ድርቀት መስሎዎት ነው?» አለኝ።

ወደ በረንዳው ገልመጥ አልኩና በጆሮው «ስማ፣ ኮሶ ቢሆን ኖሮስ?» አልኩት።

አልሳቀም። እጁ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሰበበት። ከልቡ አሰበበት። አርባ ዓመት ከአስካለ ጋር ስኖር እንዲህ አድርጎ ሐሳቤን ያሰበበት ሰው የለም።

«ኮሶ እንኳ ይሻል ነበር» አለ በመጨረሻ። «አያብጥም።»

ሠርጉን አሁን የማጣድፈው እኔ ነኝ። ራሔል «አባባ፣ እንዲያ ስትከለክል ከርመህ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የመታጠቢያ ቤቱ መውረጃ ሰሞኑን ዘገም ማለት ጀምሯል። ኮሶውን ገዝቼ አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ። አማቼ ሳይመጣ ግን አልጀምርም።